የእትዬ መርዶ

ሩጫ ለጤና ጥሩ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ለማን ጤና እንደሆነ ጠይቁልኝ። እኔ በሮጥኩ ቁጥር ጤና የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ በሳቅ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ በእኔ ሩጫ ያልሳቀ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ዕቃ ሊገዛ የመጣ እንግዳ ነው።

ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ጺሜ ሸብቷል፤ ድምፄ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነው። እንዲህም ሆኜ ተራው በሙሉ የሚጠራኝ «እትዬ» እያለ ነበር። ስሙ ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ግሱንም አብረው ያዞሩታል። «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» «እትዬ፣ ዝርዝር አለሽ?» ደንበኛ መጥቶ «እትዬ የታለች? ጥሩ ጋቢ እሷ ጋ አለ ብለውኝ ነው» ሲል «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚመር ያልደረሰበት አያውቀውም። አንዳንዱ ጺሜን አይቶ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ በርጩማ ስቦ እትዬ እስክትመጣ ይጠብቃል።

ስሙን ያመጣብኝ ሩጫ ነው።

የሰፈራችን ነጋዴዎች በየዓመቱ አንድ እሁድ ጠዋት ሩጫ ያደርጋሉ። ከዓመታት በፊት፣ ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ገባሁበት። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ አጭሩ ለሴቶች፣ ረጅሙ ለወንዶች። ይህን የሚናገር ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር አሉ። ያኔ ለእኔ ጽሑፍ ማለት የግድግዳ እድፍ ነበር። ከፊቴ አንዲት በርበሬ ነጋዴ እንደ ጥይት ትሮጣለች፤ እሷን የተከተለ አይጠፋም ብዬ ተከተልኳት። አልጠፋሁም። ሦስተኛ ወጣሁ፤ ከሴቶች።

ዳኛው ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እንጂ ፊቴን አላየም። ተጠርቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። የሴቶች ሦስተኛ ሽልማት ጥለቱ ያማረ ነጠላ ነበር፤ እዚያው አለበሱኝ። ያውም ከእኔው ሱቅ የተገዛ ነጠላ! ይኼኔ ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት የሆነው ወልዴ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጠቅልሎ ከሕዝቡ መሀል «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ።

በቃ። ቄስ ውሃ ረጭቶ ያወጣልኝ ስም በአንድ ጩኸት ጠፋ። ሱቆቻችን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ውሸት ነው፤ ደንበኛ ከጮኸ ይመለሳል። የማይመለሰው የወጣ ስም ነው።

ሩጫውን ተውኩና ማታ ትምህርት ገባሁ። ሌላው ሰው ፊደል የሚቆጥረው ዳዊት ለመድገም ነው፣ ወይ ልጁ እንዳይንቀው ነው። እኔ የቆጠርኩት ሁለት ቃል ለማንበብ ነው፤ «ወንዶች» እና «ሴቶች»። የቀረው ምርቃት ነው። ይኸው ምርቃቱን ነው አሁን የምታነቡት። ንባቤ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቆሜ ካልሆነ አላነብም። እየተራመድኩ ካነበብኩ ፊደሎቹም አብረውኝ ይራመዳሉ።

እንግዲህ መስቀል ሲደርስ መርካቶ ግማሹ ይዘጋል፤ እኛ ጉራጌዎች አገራችን እንገባለን። ዓመቱን ሙሉ የተራበ ሆድ በጥቂት ቀን ክትፎ ሊክስ ይሞክራል። አምናም እንዲሁ ገብቼ በላሁ፣ በላሁና አንድ ጠዋት ቀበቶዬ እምቢ አለኝ። ትንሽ ልንቀሳቀስ ብዬ ወደ ጀፎረ ወጣሁ። ጀፎረ የምንለው በቤቶቻችን ፊት የተዘረጋውን ሳር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ፈረስ ግልቢያውም እዚያው ነው። ሳሩ ጤዛ ይዟል። ማንም የለም። መራመድ ጀመርኩ፤ ከዚያ እግሬ ራሱ ሶምሶማ አለ።

ማንንም ሳልቀድም፣ ማንንም ሳልከተል ሮጥኩ። «እትዬ» የሚል የለም። የሚነበብ ነገር የለም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለኝ። ብዙ ስለማላውቀው መጀመሪያ ጨጓራዬ መስሎኝ ነበር፤ ደስታ ኖሯል።

የረሳሁት አንድ ነገር ነው። በእኛ መንደር ጎልማሳ ሰው በጠዋት በጀፎረ ከሮጠ መርዶ ይዟል ማለት ነው። ሌላ ምን ያሯሩጠዋል? ሯጩንም ማንም አይጠይቀውም፤ የማን ደጅ እንደሚቆም ለማየት ከኋላው መከተል ነው።

ከኋላዬ «ወይኔ!» የሚል ሰማሁ። ዞር ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይከተሉኛል፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ከየቤቱ ይወጣሉ። አንድ ክፉ ነገር ደርሷል ብዬ ደነገጥኩና ፍጥነቴን ጨመርኩ። እኔ ስጨምር ለቅሶው ጨመረ። ጀፎረው መጨረሻ ላይ የጫማዬ ክር ተፈታና ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ያልኩት አቶ ክንፉ የሚባሉ ሽማግሌ ደጅ ላይ ነው። ይህን ሲያይ ሕዝቡ በግራና በቀኜ አልፎኝ ግቢያቸው ውስጥ ፈሰሰ፤ «አቶ ክንፉ! ምነው ሳትሰናበቱን!» እያለ።

አቶ ክንፉ ጉንጫቸው ክትፎ እንደሞላ ወጡ።

«ማነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎት!» አለች አንዷ፣ ደረቷን መምታቷን ሳታቆም።

«እኔ? ገና በልቼ ሳልጨርስ?»

ሽማግሌዎች ከመንደሩ ዝግባ ሥር ተቀመጡ። አባቴም አብሮ ተቀመጠ፤ ለልጁ የሚያዳላ ሰው አይደለም።

«ለምን ሮጥክ?» አሉኝ።

«ለደስታ።»

«ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም።»

«ታዲያ ደስታው የማን ነው?»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ከተማ ነው እንዲህ ያደረገው፤ በልጅነቱ ደህና ነበር» አለ። ተመካከሩና ፈረዱ። መሮጥ እችላለሁ፤ ግን እየሮጥኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማንም አልሞተም!» ማለት አለብኝ። እንግዲህ ሌላው ሯጭ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ እኔ በየደጁ መግለጫ እሰጣለሁ። «ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!» ሴቶቹ ከየቤታቸው «ተመስገን!» ይሉኛል። ከጥቂት ጠዋት በኋላ አፌ ከእግሬ ጋር ተላመደ፤ እግሬ ከተነሳ አፌ ሳልነግረው ይጀምራል።

ቀሪውን በዓል በዚህ ደስታ በጨረስኩ ነበር፤ ወልዴ ባይመጣ።

ወልዴ አገሩ ከእኛ መንደር ማዶ ነው። ክትፎ ሊበላ መጥቶ አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አባቴን ላሳውቃችሁ፤ ለእሱ ስም ማለት አጥንት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ አዲስ አበባ በስሙ የታወቀ ነጋዴ ነው» ይላል። ያን ቀንም አለ። ወልዴ ጉርሻው አነቀው። ውሃ ጠጥቶ ወደ እኔ ዞረና አፉን ከፈተ።

«እት...»

ያ ስም እስከዚያ ቀን ድረስ የአገሬን ወንዝ ተሻግሮ አያውቅም።

«እት... እትብትህ የተቀበረበት አገር እንዴት ደስ ይላል!» አለ።

«ደግ ተናገርክ» አለው አባቴ፤ ክትፎ ጨመረለት።

ደጅ ስሸኘው ክንዱን ያዝኩት።

«ወልዴ፣ አባቴ እዚህ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው በሹክሹክታ የማወራሽ።»

«አባቴ ይህን ከሰማ አልቅሶ አይወጣለትም። ምን ትፈልጋለህ?»

ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አሰበ። «የዘንድሮው ሩጫ ደርሷል። አንቺ ከተውሽ ወዲህ እኮ ለዛ የለውም። ግቢ።»

«ግባ በል።»

«እሺ፣ ግባ። እንደ ወንድ ጀምረህ እንደ ወንድ መስመሩን ካለፍክ፣ ያወጣሁትን ስም እኔው አነሳዋለሁ፤ ተራውን ሁሉ አስተዋለሁ። ማርያምን! ካልጨረስክ ግን በሚመጣው መስቀል አባትህ ፊት 'እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ' ብዬ ጉንጭሽን እስምሻለሁ።»

እንዲህ ሆነና ለደስታ የጀመርኩት ነገር ተመልሶ ውድድር ሆነ። ደስታ ድሮም እጄ ላይ አይበረክትም።

ከበዓል በተመለስን እሁድ ጠዋት ሲኒማ ራስ አደባባዩ ላይ ተሰለፍን። ወልዴ ሆዱን ቀድሞ አሰልፎ አጠገቤ ቆሟል። አስተባባሪው በድምፅ ማጉያ ስለ መንገዱ ይናገራል፤ ድምፅ ማጉያው ግን የበግ ጩኸት ይጮሃል። «ዘንድሮም...» የሚለውን ሰማሁ፤ የቀረው ፉጨት ነው። ግድ አልነበረኝም። እኔ እንደ ድሮው የሰው ጀርባ የምከተል አይደለሁም። ማንበብ እችላለሁ። ከዓለም ጽሑፍ ሁሉ የምፈልገው አንድ ቃል ነው።

ተነሳን። እግሬ ደህና ነበር፤ ጀፎረ አፍታቶልኛል። አፌን ብቻ በግድ ዘግቼዋለሁ። በአትክልት ተራ በኩል ስንዞር፣ የጎመን ቅጠል እየረገጥን፣ ከወልዴ ብዙም አልራቅኩም። ይኼኔ ነው አንድ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነገር ያየሁት።

ቆምኩ። ቆሜ ነው የማነበው ብያችኋለሁ። ወ... ን... ዶ... ች። ከጎኑ ቀስት፤ ወደ ቀኝ። ከሥሩ ደግሞ «ሴቶች»፤ ቀስቱ ወደ ግራ። ደግሜ አነበብኩት። አልተለወጠም።

ቀና ስል፣ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል! ወንዱም ሴቱም፣ ወልዴም ራሱ! አዘንኩላቸው፤ ውሸት ነው፣ አላዘንኩም። ያን ሁሉ ዓመት በእኔ የሳቀ ሕዝብ ዛሬ ሳያነብ ገደል ሲገባ ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግን ክርስቲያን ነኝና ጮህኩ። «ወደ ቀኝ ነው! ወደ ቀኝ! ምነው አታነቡም?» አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ዞር ብሎ አይቶኝ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። እነሱን ትቼ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

መንገዱ ጠበበ። ጫፉ ላይ ወንዶች ተሰልፈዋል። ገሚሱ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ይቀይራል፤ ገሚሱ ባለበት ይዘላል። ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁ መሰለኝ። ስም የሚመዘገብበት ነው ብዬ እኔም ከኋላ ቆምኩ። ከፊቴ ገመዱን ትከሻው ላይ የጣለ ወዛደር ነበር።

«ብዙ ያቆያሉ?» አልኩት።

«እንደ ሰዉ ነው። አሁን የገባው ቆየ።»

«ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

ዞሮ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልሮጥ።»

«እኔም መሮጡንስ ሮጬ ነበር» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ወረፋው ነው የያዘኝ።»

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሶፍት ቆርጣ ሰጠችኝ። ላቤን ጠረግኩበት። ዘንድሮ ዝግጅቱ እንዴት አምሯል ብዬ አመሰገንኳት።

«ስንተኛ ነኝ፣ እህቴ?»

«ሁለተኛ።»

ልቤ ዘለለ። ሁለተኛ! ያውም ከወንዶች! አባቴን አሰብኩት። ይኼኔ ወዛደሩ ሊገባ በሩ ተከፈተ። የቀረውን ያነበብኩት በአፍንጫዬ ነው።

«እህቴ» አልኩ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ «ይሄ ሩጫው አይደለም እንዴ?»

«ወንድሜ፣ እዚህ ሳይሮጥ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ድምፅ ማጉያው የዋጠው ቃል ይህ ነው፦ ዘንድሮም ወንድና ሴት በአንድ መንገድ ይሮጣሉ። እኔ ነጠላ ከተሸለምኩ ወዲህ መንገዱን መክፈል ትተውታል። በእኔ ምክንያት የተስተካከለ መንገድ ላይ የጠፋሁት እኔው ብቻ ነኝ።

ከሽንት ቤቱ ስመለስ ሩጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሪው፣ ሸክሙ፣ ጩኸቱ ቦታውን ይዟል። አንድ ሊስትሮን «ሩጫው በየት ሄደ?» ብዬ ብጠይቀው «የምን ሩጫ?» አለኝ። ባቋርጥ መጨረሻው መስመር፣ ሲኒማ ራስ፣ ቅርብ ነበር፤ ማንም አያየኝም። ግን የወልዴ ከንፈር አባቴ ፊት ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። ተመልሼ ከጎመን ቅጠሉ ጀመርኩ። ጋሪ እየዘለልኩ፣ በሸክም እየተገፋሁ፣ መንገዱን አንድ ጥግ ሳላስቀር ዞርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተሰደብኩበት ጊዜ የለም። አልመለስኩም፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ይሠራል። ወልዴ መስመሩን አልፎ ይጠብቀኛል፤ ሊስቅ። ሰው ሁሉ ገባ፤ እኔ የለሁም። ያን የሽንኩርት ነጋዴ ያዘውና «እትዬስ?» አለው። ሰውዬው ያየውን ነው የተናገረው፤ «ወደ ቀኝ ታጠፈ» ነው ያለው። ግን ሙዚቃው ያደነቁራል፤ ሰውዬውም ትንፋሽ አጥሮት የመጨረሻዋን «ኝ» ዋጣት። ወልዴ የሰማው «ወደቀ፤ ታጠፈ» ነው። አንዲት ፊደል ጎድላ ገደለችኝ። ይህን ያህል ዓመት ፊደል የለቀምኩት ለዚህ ነው።

መርካቶ ውስጥ ከ«ወደቀ» እስከ «ሞተ» አንድ ሱቅ ብቻ ነው ያለው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ እዚያው ቆሞ ነበርና ነፋ። «እትዬ አረፉ!» ተባለ። «የትኛዋ እትዬ?» አሉ ሴቶቹ፤ እያንዳንዷ የየራሷን እናት አስባ ጮኸች። ድንኳን የሚያወጡ ሰዎች ተላኩ።

እኔ የደረስኩት በዚህ መሀል ነው። ፊት ለፊቴ ያየሁት የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ደረት የሚመታ ሴት፣ ጭንቅላቱን የያዘ ወንድ። ዓይኔ ጀፎረ ላይ ያለሁ መሰለው። አፌ አልጠየቀኝም፤ ከፈተው።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ በዚያ የጭነት መኪና ድምፄ። «ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!»

እያልኩ መስመሩን አለፍኩ። የመግቢያውን ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር፤ መሬት ላይ የተሰመረው ኖራ ግን አለ። በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት።

ወልዴ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ዘሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ወንድሜ! ወንድሜን!»

«ወንድምህ ሆንኩ?» አልኩት። «እስከ ጠዋት እህትህ ነበርኩ።»

«ተው እንጂ፣ እኔ የገደልኩህ መስሎኝ...» አለና ድንገት ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አየ። «አባትህ ጋ ደውያለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ደንግጬ ነበር። ስምህ ጠፋብኝ። ማርያምን፣ እውነተኛው ስምህ ጠፋብኝ! 'እትዬ ሞተ' አልኩት።»

ያን ሁሉ መንገድ የሮጥኩት ይህች ቃል አባቴ ጆሮ እንዳትገባ ነበር። እሷ በስልክ ቀድማኛለች። ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ደወልኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ከበበኝ፤ ጡሩምባ ነፊውም ጆሮውን አስጠጋ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ያ ወልዴ ደውሎ በአማርኛ ያለቅሳል። 'እትዬ ሞተ' ይለኛል። ሴት 'ሞተች' እንጂ 'ሞተ' ትባላለች? መርካቶ ገብታችሁ ቋንቋውንም አጣመማችሁት። ማናት እትዬ?»

ወልዴን አየሁት። ተራው ሁሉ አፌን ያያል።

«ጎረቤት ነበረች፣ አባባ። ሸማ ተራ።»

«ደህና ሴት ነበረች?»

«ምን ደህና! ስንት ዓመት ያሰቃየችኝ ሴት ናት።»

«ሙት አይወቀስም። ዘመድ አላት?»

«አንድ አላት። እዚሁ ቆሞ ያለቅሳል።»

«በሉ በወጉ ቅበሯት። አንተም ለቅሶ ሳትቀመጥ ሱቅ እንዳትከፍት። ሰምተሃል? ስም ያለው ሰው ጎረቤቱን ያለ ለቅሶ አይሸኝም።»

«እሺ፣ አባባ።»

ያን ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳኑ አንዴ ወጥቷል፤ ይመለስ ማለትም ያሳፍራል። ወልዴ እንደ ቅርብ ዘመድ ከፊት ተቀመጠ፤ ንፍሮ እየዘገነ እትዬ እንዴት ያለች ሴት እንደነበረች ለማያውቋት አወራ። ከለቀስተ‌ኞቹ መሀል እውነት ያለቀሱም ነበሩ። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ የጢስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሱቄን በር ወደ ላይ ስገፋ፣ ከማዶ ወልዴ የእሱን እየገፋ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ። አፉን ሲከፍት ትከሻዬን አጠበቅኩ፤ የልማድ ነው።

«ማንም አልሞተም!» አለ፣ ተራው ሁሉ እስኪሰማ። «እንዴት አደርክ?»

አዲሱን ስሜን አልሰማሁትም። «አደርክ» ማለቱን ነው የሰማሁት።